የስዋን ቤተሰብ በከተማ መናፈሻ ውስጥ፤ ስለ መመልከትና ስለ መቁጠር

(በእንስሳት ሐኪሞች የሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ክትባትና ስለ ሥጋ ምርመራ ብዙ ቁም ነገር ተነግሯል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ርእስ ግን ከመንጋውም ከበረቱም የራቀ ነው። የምናገረው ስለ አንድ የውኃ ወፍ፣ ይኸውም በአውሮፓ ከተሞች መናፈሻ ውስጥ ጫጩቶቹን በሰው ፊት ስለሚያሳድገው ስለ ስዋን ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን የዚህ ወፍ ታሪክ ሙያችንን በቀጥታ የሚመለከት ትምህርት ያዘለ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። ትምህርቱም በአጭሩ ይህ ነው፤ እንስሳን መውደድና በእንስሳ ውበት መደሰት እንስሳውን ከሞት አያድነውም። የሚያድነው በየጊዜው ሳይታክቱ መመልከት፣ የተመለከቱትን መቁጠርና የቆጠሩትን መዝግቦ ማኖር ነው።

በቅድሚያ ስለ ወፉ ማንነት ጥቂት ልበል። ስዋን በአገራችን የሚኖር ወፍ አይደለም። ከዝይና ከዳክዬ ወገን ሲሆን፣ በአካል ግን ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል። ዛሬ የምንነጋገርበት ዐይነት ነጭ ላባ፣ ብርቱካን መልክ ያለው መንቁርና በመንቁሩ ሥር ጥቁር እብጠት አለው። አንገቱ ረዥም ነው፤ የእኛ አንገት ሰባት አጥንቶች ብቻ ሲኖሩት የእርሱ ከሃያ የሚበልጡ ስላሉት፣ እንደ ፈለገ እያጠፈና እየዘረጋ ከውኃው ሥር ያለውን ተክል ይነቅላል። ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰ ወንድ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ከሚበርሩ ወፎች መካከል እጅግ ከባዶቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለዚህም ከውኃው ላይ ለመነሣት ክንፉን እያርገበገበ በእግሩ የውኃውን ፊት እየረገጠ ረዥም መንገድ መሮጥ አለበት።

ለከፍተኛ ትምህርት ለንደን በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ማረፊያዬ ከኬንሲንግተን መናፈሻ የራቀ አልነበረም። በዚህ መናፈሻና በአጠገቡ ባለው በሃይድ ፓርክ መካከል እ.ኤ.አ. በ1730 በንግሥት ካሮላይን ፈቃድ ሥራው የተጀመረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተዘርግቷል። ሰሜናዊው ክፍል «ሎንግ ዋተር» ሲባል ደቡባዊው «ሰርፐንታይን» ይባላል። በሰሜናዊው ክፍል ሸምበቆ ስለ በዛና ጀልባ ስለማይገባበት፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው። እኔም አንድ የስዋን ጥንድ ከጸደይ መግቢያ እስከ ክረምታቸው ድረስ ያደረገውን ሁሉ፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ስሄድና ማታ ስመለስ የመመልከት ዕድል አገኘሁ።

ጎጆው በመጋቢት ተጀመረ። ወንዱ ሸምበቆውንና ደረቁን ሣር እየነቀለ ወደ ኋላው ይወረውራል፤ ሴቲቱም የተወረወረውን እየሳበች በዙሪያዋ ትከምራለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክምሩ ከውኃው ከፍታ በላይ ሆነ። ከዚያም እናቲቱ በየሁለት ቀኑ ገደማ አንድ አንድ ዕንቁላል ትጥል ጀመር። የስዋን ዕንቁላል አንዱ ብቻ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል። ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዕንቁላል ይጣላል፤ እኔ በተመለከትሁት ጎጆ ውስጥ የነበረው ስድስት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እናቲቱ የመጀመሪያውን ዕንቁላል እንደ ጣለች ማሞቅ አትጀምርም። ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ ትታገሣለች፤ ስትወጣም ዕንቁላሎቹን በሣር ትሸፍናቸዋለች። መታቀፍ የምትጀምረው የመጨረሻው ሲጣል ነው። በዚህም ምክንያት በመጀመሪያው ቀን የተጣለውና ከዐሥር ቀን በኋላ የተጣለው በአንድነት ያድጋሉ፤ ከ36 ቀን ገደማ በኋላም በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም ይፈለፈላሉ። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ታላቁ ጫጩት መዋኘት ሲጀምር ታናሹ ገና በቅርፊቱ ውስጥ በቀረ ነበር፤ እናቲቱም ጎጆውን ትጠብቅ ወይስ የተፈለፈለውን ትከተል የሚለው ጭንቅ በገጠማት ነበር።

በእነዚህ ሳምንታት እናቲቱ እጅግ ጥቂት ትመገባለች፤ ክብደቷም በግልጽ ይቀንሳል። ወንዱ በጎጆው ዙሪያ እየዋኘ ይጠብቃል። ሌላ ስዋን ወይም ውሻ ሲቀርብ ሁለት ክንፎቹን እንደ ሸራ ከጀርባው ላይ ያነሣል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ይሰብቅና ውኃውን በሁለት እግሩ በኃይል እየገፋ ወደ መጣበት ይገሠግሣል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ያምራል ብለው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ለወፉ ግን ነገሩ ጌጥ ሳይሆን የጦርነት ዐዋጅ ነው።

ከስድስቱ ዕንቁላሎች አምስቱ ተፈለፈሉ። ጫጩቶቹ ዐመድማ መልክ ያላቸው፣ ክብደታቸውም ከ200 ግራም ብዙም የማይበልጥ ነበሩ። በማግሥቱ ሁሉም ውኃ ውስጥ ገቡ። ሲደክማቸው በእናቲቱ ጀርባ ላይ ወጥተው በክንፎቿ መካከል ይሸሸጋሉ። ወላጆቹ እንደ እርግብ በአፍ አያጎርሱም። ከውኃው ሥር ያለውን ተክል እየነቀሉ በጫጩቶቹ ፊት ይበትናሉ፤ ደግሞም በሰፊው እግራቸው ውኃውን እያማሰሉ በሥሩ ያለው ምግብ ወደ ላይ እንዲንሳፈፍ ያደርጋሉ። ጫጩቱ መልቀም የራሱ ሥራ ነው። ሌሊት ግን ሁሉም በእናታቸው ክንፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ገና ነፍስ ያላወቁ ጫጩቶች ከብርድ የሚድኑት በዚህ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞት ሳምንታት ናቸው። ቁራውና ሽመላው ከላይ፣ አዳኝ ዓሣው ከታች፣ ቀበሮው ከዳር ያደባሉ፤ የለንደን መናፈሻዎች ቀበሮ የማያጣቸው መሆኑን ስነግራችሁ ምናልባት ትገረሙ ይሆናል። አንድ ማለዳ ጫጩቶቹን ብቆጥር አራት ሆኑ፤ ከዐሥር ቀን በኋላም ሦስት ቀሩ። ሁለቱ እንዴት እንደ ጠፉ ያየ ሰው አልነበረም። በሐይቁ ዳር የሚያልፈው ሕዝብ በዚያ ቀንም እንደ ወትሮው ቆሞ ተመለከተ፤ ተደሰተ፤ ሄደ። ትናንት አምስት እንደ ነበሩ የማያውቅ ሰው ዛሬ አራት መሆናቸው ምን ይነግረዋል?

ይሁን እንጂ አንድ ሰው ያውቁ ነበር። በዕድሜ የገፉ፣ በየማለዳው በአንድ ሰዓት ወደ ሐይቁ የሚመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። በኪሳቸው ከያዙት ትንሽ ደብተር ላይ ቀኑንና የጫጩቶቹን ቁጥር ብቻ ይጽፋሉ፤ ሌላ ምንም አይጨምሩም። ስለ ምን እንደሚጽፉ ብጠይቃቸው ደብተሩን ከፍተው የብዙ ዓመታት ዐምዶች አሳዩኝ። በየትኛው ዓመት ስንት ተፈልፍለው ስንቱ ለመብረር እንደ በቁ በአንድ ገጽ ላይ ይነበባል። እኒህ ሰው ሐኪምም የሥነ ሕይወት ሊቅም አልነበሩም። ነገር ግን ስለዚያ ሐይቅ ጤንነት ከእርሳቸው ደብተር የተሻለ ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

በበጋቸው አጋማሽ ሌላ አስደናቂ ነገር ተመለከትሁ። ስዋን በዓመት አንድ ጊዜ የክንፉን ታላላቅ ላባዎች በአንድነት ስለሚያረግፍ፣ ለስድስት ሳምንት ያህል መብረር አይችልም። ጫጩቶች ያሏቸው ወላጆች ሁለቱም በአንድ ጊዜ ላባ ቢያረግፉ ቤተሰቡ ያለ መከታ በቀረ ነበር። ስለዚህ በተራ ያደርጉታል። ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ጫጩቶቹ ገና ትናንሽ ሳሉ አስቀድማ ታረግፋለች፤ በዚያን ጊዜ አባትየው ሙሉ ክንፍ አለው። የእርሷ ላባ አድጎ ለመብረር ስትበቃ ደግሞ እርሱ ተራውን ያረግፋል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይጸናል ማለት ነው።

ጫጩቶቹ በአራት ወይም በአምስት ወራቸው መብረር ይችላሉ። በጠቅላላው ከወላጆቻቸው ጋር እስከ ክረምቱ ድረስ ይቆያሉ። ዐመድማው ላባ በነጭ መተካት ሲጀምር ግን አባትየው እስከ ትናንት ሲጠብቃቸው የነበሩትን ልጆች እንደ ባዕድ እየቆጠረ ከሐይቁ ያባርራቸዋል። እነርሱም ገና ጎጆ ካልወጡ ጎረምሶች መንጋ ጋር ተቀላቅለው ሦስትና አራት ዓመት እስኪሞላቸው ይኖራሉ። ይህ ጭካኔ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን የአንድ ሐይቅ ሣር ለሁለት ትውልድ አይበቃም።

እንግዲህ እስካሁን የነገርኋችሁ አንድ ሰው በአንድ ሐይቅ ዳር ቆሞ ሊያየው የሚችለውን ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው አንድ ሰው ብቻውን ሊያየው ስለማይችለው ነገር ነው።

በእንግሊዝ አገር ስዋን ከጥንት ጀምሮ የባለ ሥልጣን ንብረት ነበር። በክፍት ውኃ ላይ የሚገኝና ምልክት የሌለበት ስዋን ሁሉ የዘውዱ ነው፤ በቴምዝ ወንዝ ላይ ደግሞ ከዐሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የወይን ነጋዴዎችና የቀለም ነካሪዎች ማኅበራት የባለቤትነት መብት ተሰጥቷቸዋል። ወፉ በዚያን ጊዜ ለታላላቅ ግብዣዎች የሚቀርብ ምግብ ስለ ነበረ፣ ባለቤቶቹ በየዓመቱ በጀልባ እየወጡ ጫጩቶቹን ከየቤተሰቡ እየያዙ በመንቁራቸው ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ይህ ሥርዐት «ስዋን አፒንግ» ይባላል። የጫጩቱ ባለቤትነት የሚወሰነው በወላጆቹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1592 በታየውና ኤድዋርድ ኮክ በመዘገበው «የስዋኖች ጉዳይ» በተባለው ክርክር፣ የአባትየው ባለቤትና የእናቲቱ ባለቤት የተለያዩ ከሆኑ ጫጩቶቹ እኩል እንዲካፈሉ የሚለው ሕግ ተብራርቷል። በሌሎች እንስሳት ዘንድ ግልገሉ ለእናቲቱ ባለቤት ሲሆን በስዋን ለምን ተለየ ቢባል፣ ወንዱ ለአንዲት ሚስቱ ታማኝ ስለ ሆነ አባትነቱ አያጠራጥርም የሚል ምክንያት ተሰጥቶበታል። ሕግ ዐዋቂዎቹ ሳይቀሩ ወፉን በጥንቃቄ ይመለከቱት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ስዋን የሚበላበት ዘመን አለፈ፤ ቆጠራው ግን አልቀረም። ዛሬም በየዓመቱ በሐምሌ ወር በሦስተኛው ሳምንት፣ ለአምስት ቀናት፣ ከሰንበሪ እስከ አቢንግደን ባለው 79 ማይል የወንዙ ክፍል ጀልባዎች ይወጣሉ። ቤተሰቡ ሲገኝ ይከበባል፤ ወላጆቹና ጫጩቶቹ ይያዛሉ፤ ይመዘናሉ፤ ይለካሉ፤ የመንጠቆና የክር ጉዳት እንዳለባቸው ይመረመራሉ፤ የቁጥር ቀለበት ይታሰርላቸዋል፤ ከዚያም ይለቀቃሉ። ለግብዣ የተጀመረው ቆጠራ በጊዜ ብዛት የጤና ምርመራ ሆነ ማለት ነው። እኛ ሐኪሞች በዚህ ልንደሰት ይገባናል፤ ምክንያቱም አንድ መዝገብ የተጀመረበት ዓላማ ቢያልፍም እንኳ፣ በትጋት እስከ ተያዘ ድረስ ማንም ላላሰበው አገልግሎት ሊውል እንደሚችል ያስረዳናል።

ይህ አገልግሎት በይበልጥ የታየው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ የቴምዝ ስዋኖች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ ረዥም የወንዙ ክፍል ጎጆ የሠሩ ጥንዶች ሰባት ብቻ ሆነው ተገኙ። አስተውሉ፤ በወንዙ ዳር ሲንሸራሸር ለሚውል ሰው ስዋን ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። አንድ ጥንድ ቢያይ «ስዋን አየሁ» ብሎ ተደስቶ ይመለሳል። ጥፋቱን ያሳየው መዝገቡ ነው።

መንስኤውን ያሳየው ደግሞ የሬሳ ምርመራ ነው። የሞቱት ወፎች ሲከፈቱ በብዙዎቹ ውስጥ ትናንሽ የእርሳስ ድብልብሎች ተገኙ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ማዕድን ማለቴ ነው። ዓሣ አጥማጆች መንጠቆውን ወደ ውኃው ሥር ለማውረድ በክሩ ላይ የሚያደርጓቸው እነዚህ ድብልብሎች ክሩ ሲበጠስ በወንዙ ዳርና ሥር ይቀራሉ። ስዋን፣ እንደምታውቁት፣ ጥርስ የለውም። ተክሉን ለመፍጨት ጠጠር ይውጣል፤ ጠጠሩም በጡንቻማው ጨጓራው ውስጥ ተቀምጦ እንደ ወፍጮ ያገለግለዋል። ወፉ ጠጠር መስሎት እርሳሱን ይለቅማል። እርሳሱ በዚያ ሲፈጭና በአሲዱ ሲሟሟ ወደ ደም ይገባል፤ ነርቭንና ጡንቻን ያሰንፋል። የምግብ ቧንቧው ጡንቻ ስለሚሽመደመድ የተዋጠው ሣር ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ያ ቀጥ ብሎ የሚታየው አንገት ተጣጥፎ በጀርባው ላይ ይተኛል። በመጨረሻም ወፉ ጉሮሮው በምግብ ተሞልቶ ሳለ በረኃብ ይሞታል። ከዚህ የባሰ የአሟሟት ዐይነት ማሰብ ያዳግታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የብሪታንያ የተፈጥሮ ጥበቃ ምክር ቤት ባወጣው የጥናት ዘገባ፣ በእርሳስ መመረዝ በየዓመቱ ከ3,000 በላይ ስዋኖች እንደሚሞቱ ተገመተ። ለጊዜው ዓሣ አጥማጆች በፈቃዳቸው ሌላ ማዕድን እንዲጠቀሙ ተጠየቁ፤ ይህ ግን በቂ ለውጥ አላመጣም። ስለሆነም ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም የሚመዝኑ የእርሳስ ድብልብሎች ለዓሣ ማጥመጃ እንዳይሸጡ የሚከለክል ደንብ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። በ1983 በተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ 19 ሺህ ገደማ የነበረው የስዋን ቁጥር፣ በ1990 በተደረገው ቆጠራ ከ25 ሺህ በላይ ሆነ። ለዚህ ዕድገት ቀለል ያሉ ክረምቶችም ድርሻ ቢኖራቸው፣ የመርዙ መቀነስ ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ ይቆጠራል።

የነገሩን ሂደት ልብ በሉ። በመጀመሪያ ቆጠራው ጉድለቱን አሳየ፤ ቀጥሎ የሬሳ ምርመራው መንስኤውን ገለጠ፤ ከዚያ ሕግ ወጣ፤ በመጨረሻም ቆጠራው ራሱ ሕጉ መሥራቱን መሰከረ። ከእነዚህ አራት ደረጃዎች አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሌሎቹ ሦስቱ ከንቱ ይሆኑ ነበር። የምርመራ ውጤት ያለ ቆጠራ የአንድ ወፍ ታሪክ ብቻ ነው፤ ቆጠራም ያለ ምርመራ መንስኤው ያልታወቀ ሐዘን ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሕዝብ ርኅራኄ ማስረጃ ሲያጣ ሊያጠፋ ይችላል። በቅርብ ዓመታት ዳቦ ለስዋን መርዝ ነው፣ የክንፍ መጣመምም ያመጣል የሚል ወሬ በስፋት ተሰራጭቶ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ማብላቱን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2018 የንግሥቲቱ የስዋን ሹማምንት፣ በዳቦና በክንፍ መጣመም መካከል ግንኙነት ስለ መኖሩ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ይልቁንም በክረምት ምግብ ያጡ ስዋኖች እየተጎዱ መሆናቸውን የሚገልጽ መግለጫ ለማውጣት ተገደዱ። በርግጥ ዳቦ ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም፤ የሻገተ ዳቦም ጎጂ ነው፤ ከቅጠላ ቅጠልና ከእህል ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን «የተሟላ አይደለም» በማለትና «መርዝ ነው» በማለት መካከል ያለውን ልዩነት የመጠበቅ ኀላፊነት የእኛው የባለ ሙያዎቹ ነው።

ቆጠራው ዛሬም ሥራውን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2022 በቴምዝ ላይ በተደረገው ቆጠራ 155 ጫጩቶች ሲመዘገቡ፣ በ2023 የተመዘገቡት 94 ብቻ ነበሩ። ለዚህ መቀነስ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው በእነዚያ ዓመታት በአውሮፓ የውኃ ወፎች መካከል የተዛመተው ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ይህ በሽታ የዶሮ እርባታችንንም፣ የሰውንም ጤና የሚመለከት መሆኑን ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በመናፈሻ ሐይቅ ላይ የሚዋኝ ወፍ የከተማው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው ማለት ግነት አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፤

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ስዋን የለንም ብያለሁ፤ ነገር ግን የሚመስሉት አሉን። በለንደን ሐይቅ ዳር ቆሜ ስመለከት ከስዋኖቹ አጠገብ ጫጩቶቹን እየመራ የሚሰማራ ሌላ ወፍ ነበር፤ ይኸውም የግብጽ ዝይ የሚባለውና በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ሁላችንም የምናውቀው ወፍ ነው። ለጌጥ ተብሎ ከአፍሪካ ወደ እንግሊዝ ከተወሰደ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ በለንደን መናፈሻዎች ውስጥ በነጻነት ይራባል። እርሱም እንደ ስዋን ሁለቱም ወላጆች በአንድነት ጫጩት የሚጠብቁበት ወፍ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ሀብት አለን። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ በኢትዮጵያ ደጋ እንጂ በሌላ በየትም ዓለም አይገኝም። ይህ ወፍ ለመዲናችን ውኃ በሚሰጠው በገፈርሳ ግድብ ዳር፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ይታያል። ስለ ጎጆውና ስለ ጫጩት አስተዳደጉ የተጻፈው ግን ስለ አንድ የለንደን ስዋን ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ከተሞቻችንም እየተለወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአዲስ አበባ የተከፈተውን የወዳጅነት ፓርክ ከነሰው ሠራሽ ሐይቁ አይታችሁታል። ውኃ ባለበት ወፍ መምጣቱ፣ ወፍ በመጣበት ሕጻናት ይዘው ወላጆች መቆማቸው አይቀርም። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ውኃ ወፍን ብቻ ሳይሆን የከተማውን ፍሳሽ፣ ፕላስቲክና ከባድ ማዕድንም ይሰበስባል። መናፈሻ ሲሠራ የአትክልተኛና የዘበኛ ሥራ እንደሚታሰብ ሁሉ፣ የሚመለከትና የሚመዘግብ ዐይንም አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።

ስለሆነም ለማኅበራችን ሦስት አሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየከተማው ያሉ አባሎቻችን በአካባቢያቸው አንድ ሐይቅ፣ አንድ ግድብ ወይም አንድ መናፈሻ መርጠው፣ ጫጩት በሚፈለፈልበት ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ የውኃ ወፍ ቤተሰቦችን ይቁጠሩ። በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የሚካሄደው የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው፤ እርሱ በአብዛኛው በአንድ ወቅት ያሉትን ወፎች ይቆጥራል። እኛ የምንጨምርለት ስንት ተፈልፍለው ስንት አደጉ የሚለውን ነው። ሁለተኛ፣ ሞቶ የተገኘ የውኃ ወፍ ተገቢው ጥንቃቄ ተደርጎ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበትና ውጤቱ ለላከው ሰው የሚመለስበት መንገድ ይበጅ። መልስ የማያገኝ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አይልክምና። ሦስተኛ፣ ይህ መዝገብ በግለሰብ ኪስ ውስጥ እንዳይቀር በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት በአንድ ቅጽ ይጠራቀም። የዛሬው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረን ይሆናል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በእኛ ቦታ የሚቀመጡት ግን ያነቡታል።

ከእናንተ መካከል «በርኃብና በድርቅ የሚያልቅ ከብት ባለበት አገር ስለ ዝይ ጫጩት መጨነቅ ምን ይባላል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ የጠየቅሁት ገንዘብ አይደለም፤ በሳምንት የአንድ ሰዓት ጊዜና አንድ ደብተር ነው። ደግሞም የመቁጠርና የመመዝገብ ልማድ በሐይቅ ዳር የተማረ ሰው በበረትም አይረሳውም። አንድ አርብቶ አደር ከመንጋው ስንት ጥጃ እንደ ተወለደና ስንቱ እንዳደገ ሲነግረን በትክክል ጽፈን ብንይዝለት፣ ብዙ በሽታ ገና በጅምሩ ሳለ በታወቀ ነበር። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር፣ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

በመጨረሻ የምለው ይህን ነው። የስዋን ወላጆች ላባቸውን በተራ የሚያረግፉት በአንድ ወቅት ሁለቱም ደካማ ሆነው እንዳይገኙ ነው። የአንድ ሙያ ማኅበርም እንዲሁ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሲያርፍ ሌላው የሚጠብቅ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው መዝገቡን የሚቀበል ከሆነ፣ በጥበቃችን ሥር ያሉት እንስሳት ያለ መከታ አይቀሩም።